አርባ ጥንድ ጫማና አንድ ጸሎት

ሰኞ፣ ኅዳር 3
በዚህ ከተማ ከእኔ ጭንቅላት የሚበልጥ መዝገብ የለም። እሺ... በዚህ መንገድ ላይ የለም። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ጫማ ስጠግን ግን አንድ ፊደል ሳልቆጥር የማን ጫማ የማን እንደሆነ ተሳስቼ አላውቅም። ዛሬ መደርደሪያው ላይ አርባ ጥንድ አለ። ሁሉም በቃሌ ነው። የነርሷ ተረከዝ፣ የሹፌሩ ሶል፣ የመምህርቷ ማሰሪያ... አንዴ ብቻ ተሳስቼ ነበር። ሁለቴ።

ማታ ባለቤቴ "ቀጠሮው ለኅዳር 12 ሆነ" አለች። የዓይኗ ኦፕራሲዮን። ቀኟ ከጠፋ ቆየ፤ ግራዋም እየደበዘዘ ነው። ዶክተሩ ጥሩ ተስፋ አለን ብሏል። ተስፋ ያለው ሰው ለምን ወረቀት ያስፈርማል?

"አንተ ብቻ ጸልይልኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ተረጋግተህ።"

"እሱን ለእኔ ተይው" አልኩ። አፌ መቼ ሰንፎ ያውቃል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
ሳይነጋ ተነሳሁ። ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ የባለቤቴን ግራ ዓይን..." ግራ ስል የሹፌሩ ግራ ጫማ መጣ። ሐሙስ ይወስደዋል፣ ማስቲሹ አልደረቀም። ከእሱ ኋላ ነርሷ፣ ከነርሷ ኋላ ያቺ ወሬኛ ባለ ቀይ ጫማ... ብንን ስል ጸሎቱ የለም። እኔ ሱቅ ውስጥ ነኝ።

ቁርስ ላይ "ጸለይክልኝ?" አለች።

"ግማሽ ሰዓት ሙሉ።"

በደንብ ለማታይ ሰው መዋሸት ይቀላል ብዬ ነበር... ይከብዳል ለካ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ያው ነው። ዓይኔን ስጨፍን ገበያ ይቆማል። ሹፌሩም አልመጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7
መምህርቷ ጫማዋን ልትወስድ መጣች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ግን እሷ ናት። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

"ታዲያ ጋሼ፣ የማን እንደሆነ ለምን አይጽፉትም? ወረቀት ላይ አድርገው ጫማው ውስጥ ይክተቱት። ወረቀቱ ይሸከምልዎ።"

"ጭንቅላቴስ ምን ሊሠራ?"

"ይጸልያላ።"

እውነቱን ልጻፍ፦ ፈራሁ። ሰው እኔ ዘንድ የሚመጣው ጥገናዬን ወዶ ብቻ አይደለም። ገና በሩ ላይ ሲቆም፣ ሳልጠይቀው ጫማውን ሳነሳለት ደስ ይለዋል። ወረቀት እያየሁ የምሰጥ ከሆነ ከማን በምን እሻላለሁ?

ግን አምስት ቀን ነው የቀራት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
ጻፍኩ። ሠላሳ ዘጠኙንም። እጄ ዛለ። ስሙን የማውቀው ግን የስንቱን ነው? እኔ ሰውን የማውቀው በጠባዩ ነው። እንደማውቃቸው ጻፍኩና በየጫማው ከተትኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ጉድ ፈላ። ሹፌሩ ጫማውን ሊለካ እግሩን ከተተና "ምንድን ነው የሚቆረቁረኝ?" ብሎ ወረቀቱን አወጣ። ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ነዝናዛው ሹፌር። ግራ ሶል።"

ማንበብ ስማር ሌላውም ሰው ማንበብ እንደሚችል ረስቼው ኖሯል።

"ማነው ነዝናዛው?"

"ሌላ ሹፌር ነው።"

"በእኔ ጫማ?"

እሱ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለካ እየሳቀ ነው። "በነገሩ አልከራከርህም፣ ሚስቴም ትለኛለች። ጽሕፈትህ ግን ያምራል፣ በርታ።" ለሚስቱ ሊያሳያት ኪሱ ከተተው።

እሱ ሲወጣ በሩን ዘግቼ የሁሉንም ቀየርኩ። ወሬኛዋ "ቀይ ጫማ፣ ዓርብ" ሆና ተረፈች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11
ተንበረከክሁ። ጠበቅሁ። አንድም ጫማ አልመጣም።

ደነገጥኩ እኮ... ጭንቅላቴ ዕቃው እንደወጣለት ቤት ሆነ። የገዛ ጆሮዬ ጮኸብኝ። ነርሷን ሆን ብዬ ፈለግኋት፦ የለችም፣ ወረቀቷ ላይ ናት። ያን ጊዜ "የባለቤቴን ዓይን" አልኩ፤ ልመናዬንም እስከ መጨረሻው አደረስኩት። አለቀስኩ። ይሄን ማንም አያየውም ብዬ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
ከመግባቷ በፊት ኮሪደሩ ላይ ነገርኳት። "ያ ግማሽ ሰዓት... ውሸት ነበር። እስከ ትናንት አንድ ቃል ሳልጸልይልሽ ነው የቆየሁት።"

"አውቃለሁ። ማስቲሽ፣ ማስቲሽ እያልክ ስታንሾካሹክ እሰማህ ነበር።" እጄን ጨበጥ አደረገችው። "እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ አሜን እል ነበር።"

ወሰዷት። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ስልኩን ይነካካል፣ ተነስቶ ይቀመጣል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13
ፋሻው ተነሳ። ዶክተሩ "ምን ይታይዎታል?" አላት።

"ያልተላጨ ሽማግሌ።"

ዶክተሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ለጊዜው ብዥ ይላታል፣ እየጠራ ይሄዳል አለ። ይሄዳል አለ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15
ጠዋት ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ። ዛሬ ምንም አልለመንኩም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ድርሽ ያለ ሐሳብ የለም። ቆይ... አንዱ መጥቶ ነበር፣ ሰላም ብዬ አሳለፍኩት። ስጨርስ ትከሻዬ ቀለለኝ። እሷም ዓይኗን እንደከፈተች እያየችኝ ነበር።

አንዱን ግን ከራሴ ነው የጨመርኩት፦ ሃያ ደቂቃውን። ሰዓት አላየሁም።