ከአምላክ ደን የተቆረጠው ምርኩዝ

ለምወድህ ወንድሜ ለማቻያ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? የሰሜኑ በረዶስ እንዴት አድርጎሃል? እግርህስ፣ ጫማ ስታጠልቅ ያምሃል ወይ? ምግቡ ይስማማሃል? አብረውህ የሚያድሩት ወታደሮችስ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ይህችን «ደህና» አፌን ሞልቼ ለመጻፍ ሦስት ወር ጠብቄአለሁና ዝም አለች ብለህ አትቀየመኝ።

ያ ደብዳቤህ የደረሰን ዝናቡ ሳያባራ ነው። ብርዱ ሁለት የእግር ጣቶችህን እንደበላቸው ሳነብ አክስታችን ቾንዳማ ደረቷን ደቃች። ከዚያ ወደ መጨረሻው ገጽ ዞርኩ። አንተ ሞኝ፣ ከላይ «ለብቻሽ አንብቢው» ብለህ ብትጽፍ ምን ነበረበት! እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ ቀጠልኩ። አባባ ቁንዶ በርበሬ ሲለቅሙ ከመሰላል ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ጊዜ፣ በእረፍት ፈቃድ መጥተህ ያበጀህላቸውን ምርኩዝ የቆረጥከው ከአምላካችን ከአያፓ ደን እንደሆነ፣ ጣቶችህንም የወሰደብህ አምላክ ተቆጥቶ እንደሆነ አነበብኩ። አባባ ይህን ሲሰሙ ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ፣ ዳግመኛም አልነኩትም።

ከዚያ ደን የወደቀ ቅጠል እንኳ ይዞ የሚወጣ የለም። እናታችን ነፍሷን ይማርና፣ ከመቅደሱ ስትመለስ የሳሪዋን ጫፍ አራግፋ ነበር የምትወጣው። አባባ ደግሞ ሳያውቁት ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋ እስከ ደጃፍ ተደግፈውበታል። ሌላ ምርኩዝ ከገበያ ገዛሁላቸው፤ «የአምላክን ሳልመልስ የሰው አልይዝም» አሉኝ። ሐኪሙ ካልተራመዱ እግራቸው እንደሚሰልል ነገረን። አክስታችን በንዴት «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይኸው ሞኙም ወረቀቱም አንድ ቤት ተገናኙ!» ብላ ጮኸችባቸው። ፈገግም አላሉ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ በአንተም ተናድጄ ነበር።

ዝናቡ እንዳባራ «ውሰዱኝ፤ ምርኩዙን መመለስ ያለበት የተደገፈበት ሰው ነው» አሉ። አንድ እጃቸውን በእኔ ትከሻ፣ አንዱን በአክስታችን ትከሻ አድርገው ወጣን። ምርኩዙን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አስሬዋለሁ። ምርኩዝ አዝለን፣ ምርኩዝ ያጣ ሰው ደግፈን ስንሄድ ያየን ሁሉ ሳይስቅብን አልቀረም። ከደኑ የወሰን ድንጋይ ዘንድ ጫማችንን አውልቀን ገባን። አልቅቱ ገና አልጠፋም ነበር፤ አክስታችን ከቁርጭምጭሚቷ እየነቀለች «ይኸንንስ ይዤበት ብወጣ ይቆጣ ይሆን?» ትላለች። አንተ በሩብ ሰዓት የምትጨርሰው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። መቅደሱ እንደምታውቀው ነው። ጣሪያው አረንጓዴ ለብሷል፣ ደጃፉ ላይ ያለው ማንም የማያነበው ጽሑፍ ደብዝዟል፣ በስለት የገቡት የሸክላ ውሾች ከዛፎቹ ሥር ተሰልፈዋል፤ ያረጁት ወደ አፈር ተመልሰዋል።

ካህኑ ሱባራያ ዓይናቸው ደክሟል፣ አባባን ያወቋቸው በድምፃቸው ነው። አባባ ምርኩዙን ደረጃው ላይ አጋድመው «ሌባው እኔ ነኝ» አሉ። ስምህን አልጠሩም። ካህኑ እንጨቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ታዲያ አሁን በምን ልትመለስ ነው?» አሏቸው። «በልጄ ትከሻ» ሲሉ ካህኑ ሳቁ። «አንተ ሰው፣ የአምላክ ንብረት ከደኑ አይውጣ ተባለ እንጂ ደኑ ውስጥ አይሥራ ያለው ማን ነው? ከወሰኑ ድንጋይ ሥር ይቀመጥ። ስትገባ ያዘው፣ ስትወጣ አስቀምጠው። ብቻ መምጣት አለብህ፣ ተኝተህ አይሆንም» አሏቸው። አባባ እንደ ሕፃን አለቀሱ፣ እኔም አላስቻለኝም።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ሄድን፤ እስከ ድንጋዩ በእኔ ትከሻ፣ ከዚያ ወዲያ በምርኩዙ። በአራተኛው ሳምንት ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ቀለለኝ። በስድስተኛው ደግሞ ማለዳ ስነሳ አልጋቸው ባዶ ነው፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ጓሮ ወጥተው ቁንዶ በርበሬውን ሲመለከቱ አገኘኋቸው። አምላክ ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ ያ ደብዳቤህ ባይመጣ ኖሮ አባባ ከደጃፍ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም።

ባለፈው ቅዳሜ አባባ በአንተ ስም ሸክላ ሠሪው ዘንድ ያሠሩትን የስለት ውሻ ልናስገባ ሄድን። ውሻው ከባድ ነው። ልያዝልዎ ብላቸው «የልጄ ነው» ብለው ከለከሉኝ። በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ቀስ እያሉ፣ ድንጋዩ ጋ ደረሱ። ምርኩዙን ዘወር ብለውም አላዩት፤ በየትኛው እጃቸው ሊይዙት? አለፉት። እኔና አክስታችን ተያየን፤ ያቺ ዝም ማለት የማታውቅ ሴት አፏን በእጇ ከደነች። መቅደሱ ደርሰው ውሻውን ከሌሎቹ መሐል አቆሙትና ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ አንተ አዞሩት። ቀና ሲሉ ባዶ እጃቸውን አዩ። ወደ እኔ ዞሩና «ጻፊለት» አሉኝ። «የሰረቀው ለእኔ እግር ነው። እግሬን የመለሰልኝ አምላክ የልጄን ጣት አይወስድም። የበላው ብርድ ነው፤ ብርድ ደግሞ በካልሲ ነው የሚለመነው» ብለዋል። ስለዚህ ወንድምዬ፣ ይህን ነገር ከልብህ አውጣው።

አክስታችን ቾንዳማ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ልካልሃለች፤ «ጣት ጎደለ ብሎ ካልሲውን እንዳያሳጥር» ብላሃለች። ካህኑ ሱባራያ መርቀውሃል። እኔ እህትህ ቦላማ ሁለቱንም እግሮችህን ስሜአለሁ። አባባ ግን ሰላምታቸውን ለእኔ አልሰጡኝም። ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው «አልጨረሽም ወይ?» ይሉኛል፤ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው፣ በእግራቸው።

ኮዳጉ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1991