ከሰማያዊዋ መኪና በር ላይ ስላነሣሁት ቀይ ወረቀት

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም ጽሕፈት ቤትዎ ለባለጉዳይ እንደሚሰጠው ቀጠሮ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከግቢዎ ፊት ለፊት ባለው መኪና ማጠቢያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ፣ ሰዉ ሁሉ «መስታወት» እያለ የሚጠራኝ ሰው ነኝ። ስሙ የወጣልኝ እኔ ባጠብኩት መኪና በር ላይ ሴቶቹ ፀጉራቸውን፣ ወንዶቹ ጢማቸውን አይተው ስለሚያስተካክሉ ነው። ማንበብና መጻፍ ከማታ ትምህርት ተምሬ ሰርተፊኬት ከተቀበልኩ ገና ሦስት ወሬ ነው። መምህራችን እንደኔ ቶሎ ፊደል የያዘ ሽማግሌ አላየሁም ብላ መስክራልኛለች፤ በክፍሉ ውስጥ ሽማግሌው እኔ ብቻ መሆኔን ማንሣት አያስፈልግም። ይህ በዕድሜዬ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ለእናቴ ሳልጽፍ ለእርስዎ መጻፌ አክብሮቴን ይመሰክርልኝ።

ነገሬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥርማ ድሮም ዐውቅ ነበር።

፩ኛ. በክረምቱ መውጫ ለአሽከርካሪዎች ማኅበር «ታድሰው» የሚሰጡ ዐሥር መኪኖች እንዳጥብ ስላመኑኝ አመሰግናለሁ። በእያንዳንዱ መኪና የግራ በር ላይ መርማሪዎችዎ የለጠፉት ቀይ ወረቀት ነበረ። ትእዛዙን ያመጡት ጸሐፊዎ «ወረቀቱም፣ ሙጫውም፣ ዱካውም እንዳይታይ» ብለው ሲነግሩኝ ወረቀቱ ምን እንደሚል አልጠየቅኩም። ያኔ ፊደል ለእኔ የዝንብ ኩስ ነበር፤ ቢሮ የለጠፈውን ቢሮ ሲያስነሣ ደግሞ ምን አገባኝ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ። ሙጫ የማያውቅ ሰው ምላጭ ያነሣና ቀለሙን ይቧጭራል፤ ችኩሉ ደግሞ ቲነር ያፈስና ሙጫውን ከነቀለሙ ያስበላል። እኔ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሜ፣ ከጎረቤታችን ፀጉር ሠሪ በተዋስኩት ማድረቂያ ወረቀቱን አሞቅና ከጥጉ ይዤ፣ የቁስል ፋሻ እንደሚፈታ ሰው፣ ቀስ ብዬ እስባለሁ። የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይት የራሰ ጨርቅ አልብሼ ሩብ ሰዓት አቆየውና በአውራ ጣቴ እያንከባለልኩ አነሣዋለሁ። ለእልኸኛው ብቻ የባንክ ካርድ ጠርዝና ጠብታ ቤንዚን እጠቀማለሁ። ከዚያ ሳሙና፣ ከዚያ ሰም። ሰማያዊዋ መኪና ከሁሉም አስቸግራኝ ነበር፤ ወረቀቱ ስምንት ወር ፀሐይ ላይ ከርሞ ሙጫው እንደ ቅርፊት ደርቋል። ግማሽ ቀን ፈጀሁባት። ከዐሥሩ ሁሉ ያማረችው ግን እሷ ነበረች።

፪ኛ. በርክክቡ ቀን ስለተቆረጠው ሪባንና ስለ ጭብጨባው አመሰግናለሁ። የእህቴ ባል ዐሥራ አምስት ዓመት የሰው መኪና ሲነዳ የኖረ የማኅበሩ አባል ነው፤ በዚያ ቀን ከዐሥሩ አንዷን ምረጥ ተባለ። ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ታውቃለህ፣ የቷን ልያዝ?» ቢለኝ ደረቴን ነፍቼ «ሰማያዊዋን ያዝ፤ እኔ ነኝ ያበራኋት» አልኩት። መኪና በቀለሙ የሚመረጥ የመሰለኝ ቀለም የማበራ እኔ በመሆኔ ነው። ጠጅ አሳላፊ ሁሉ ጠማቂ የሆነ ይመስለዋል።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ረገጠ፤ ፍሬን የለም። ከታች ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰልፏል። ያዩት ሁሉ እንደሚሉት ጥሩምባውን እየነፋ መሪውን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከሰልፉ አንድም ሰው አልተጫረም። እሱን አውጥተን ቀበርነው።

፫ኛ. ስለ ሪፖርትዎ አጭርነት አመሰግናለሁ። ሁለት መስመር ነው፤ አሁን እንደ ጸሎት ይወጣልኛል። «አደጋው የደረሰው በአሽከርካሪው ግዴለሽነት ነው። በተሽከርካሪው ላይ ምንም የማስጠንቀቂያ ወረቀት አልነበረም።» ሁለተኛው መስመር ንጹሕ እውነት ነው፤ ወረቀቱን ያነሣሁት እኔ ነኝና። በመጀመሪያው መስመር ምክንያት ግን የእህቴ ትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት «የግዴለሹ ልጅ» እየተባለች መሄድ ትታለች። እህቴንም ዳቦ ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት «ባልሽ ሊፈጀን ነበር» ብላታለች፤ መሪውን ወደ ግድግዳው ያዞረላት፣ በሰልፉ ሦስተኛ የነበረችው ሴት ናት።

ሰርተፊኬቴን በተቀበልኩ በሳምንቱ የሟቹን መነጽር ላወጣ ግቢዎ ወደቆመው ስብርባሪ ገባሁ። የግራው በር ደኅና ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከጎን ብርሃን ሲያርፍበት የሆነ ጥላ አየሁ። ያኔ ሳጥባትም አይቼው ነበር፤ እድፍ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ፈትጌዋለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ቀዩ ወረቀት ስስ ነው፣ ፀሐይ ያሳልፋል፤ ጥቁሩ ፊደል አያሳልፍም። በስምንት ወር ዙሪያው ሲደበዝዝ በፊደሉ ሥር ያለው ቀለም እንደነበረ ቀርቷል። ሙጫ ይነሣል፣ ፀሐይ የጻፈውን ግን እኔም አላነሣም። በእርጥብ ጨርቅ አበስኩት፣ ጣቴን አስከትዬ ፊደል በፊደል አነበብኩት፦ «ፍሬን አይሠራም። አይነዳ።»

ከክፍል ውጭ፣ ያለ መምህር ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። የሱቅ ስም ሞልቶ፣ የመንገድ ስም ሞልቶ።

፬ኛ. ባለፈው ሰኞ ጸሐፊዎ ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ፤ ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ። «ትንሽ አቧራ ናት፣ ቶሎ ጥረጋት» አሉኝ፤ አሁንም የማላነብ መስሏቸው ይሆናል። ወረቀቱ ግን «የሰማያዊው ተሽከርካሪ የግራ በር ቀለሙ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ በፖሊሽ እንዲጠራ» ይላል፤ የእርስዎም ፊርማ አለበት። ስብርባሪው የፊታችን ሐሙስ ለብረት አቅላጮች እንደሚሰጥ ደግሞ ከዘበኛው ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ፣ ለሚቀልጥ በር ፖሊሽ ምን ይሠራለታል?

ስለዚህ በትሕትና አልሠራም። በሃያ ሁለት ዓመት እምቢ ያልኩት ይህ የመጀመሪያው ሥራ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሐሙስ በፊት፣ ጀንበር ሳትገባ፣ ከቢሮዎ ወርደው በሩን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ያንብቡት፤ ከዚያም «በአሽከርካሪው ግዴለሽነት» የሚለውን ከሪፖርቱ ያውጡት። በምትኩ የእኔን ስም ቢጽፉ አልከስዎትም፤ ከእርስዎ ስም ሥር ቦታ ካለ። «ሰማያዊዋን ያዝ» ማለቴን ለእህቴ በአፌ ነግሬያታለሁ። ከዚያ ወዲህ በሯን አልከፈተችልኝም። ይህን እንዲያስተካክሉልኝ አልጠይቅም፤ ከሥልጣንዎ በላይ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ለሚሰጡኝም ሆነ ለማይሰጡኝ መልስ በቅድሚያ እጅ የምነሣ፣

ከአክብሮት ጋር
መስታወት፣ መኪና አጣቢ
(ፊርማው የራሴ ነው፤ የጣት አሻራ ቀርቷል)

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ በር
ለአሽከርካሪዎች ማኅበር ሰሌዳ
ለእህቴ፣ በበሯ ሥር

ከፊርማዬ በኋላ የመጣ ነገር፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው የቤትዎ ሾፌር ልጆችዎን የሚያመላልስባትን ነጭ መኪና አምጥቶ፣ ከትምህርት ቤት ሳይወጡ የበሯን ቀይ ወረቀት እንዳነሣለት ጠየቀኝ። አነበብኩት፤ «መሪው ይስታል። አይነዳ» ይላል። አልነካሁትም፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። ሾፌሩ ተቆጥቶ ወደ እርስዎ እየመጣ ነው። ልጆቹን ዛሬ በእግር ያምጧቸው።