ያልታጠበው ጋቢ

ሰኞ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1975

እሺም አላለኝ፣ እምቢም አላለኝ። "እናያለን" አለኝ። ይህ ሰው እናያለን እንዳለኝ ሊያስረጀኝ ነው!

ታደሰን የለመንሁት አንድ ነገር ነው። ስንጋባ በቀበሌ ተፈራርመን ነው፤ መልካም። አሁን ግን በዚህ ፍልሰታ አብረን እንቁረብና ትዳራችን በቤተ ክርስቲያን ይጽና። ሕፃናትና ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው እንዴ የሚቆርቡት? እሱን ብዬ ነው ዘንድሮ ጥሬ የያዝሁት። የራሰ ሽምብራ ብቻ፣ እሱም ፀሐይ ስትጠልቅ። ታደሰ ግን ምሳ ሰዓት ከምንሠራበት ፋብሪካ ይመጣና ሽሮውን ራሱ ሠርቶ ይበላል። ጨጓራ አለበት፣ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ይጣፍጠው? ጉርሻውን በዓይኔ ስከተል ያዘኝ።

"የኔ መነኩሲት፣ ሆድሽን ካስጾምሽ አይቀር ዓይንሽንም አስጹሚው" አለኝ።

ተኮሳትሬ ወጣሁ። ማድ ቤት ገብቼ ሳቅሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 4

ፋብሪካ ጨርቅ ስንመረምር ዓይኔ ጭልም አለብኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ደግፈው አስቀመጡኝ። "ጾሙ እኮ ነው፤ እሷማ ጻድቅ ናት" ሲባባሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ። እዚህ እንኳ ካልዋሸሁ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ማታ ሁሉን አበላሸሁት። ስለ ቁርባኑ ባነሣበት ታደሰ አሁንም "እናያለን" አለኝ። "ከእግዚአብሔር ይልቅ ካድሬ ትፈራለህ!" አልሁት። ይህ በዚህ ዘመን ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር ነው? ያውም ጎረቤታችን እትዬ የሺ እዚያው ተቀምጠው! ታደሰ ኮቱን ደርቦ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 5

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አደረ። ስነሣ ወጥቷል። ሽምብራዬን ግን አጥቦ፣ ውኃውን ቀይሮ፣ ከድኖልኛል። ምነው ሰድቦኝ በሄደ!

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7

የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ከደሴቱ ገዳም በታንኳ መጥተው፣ ሐይቁ ዳር ካለችው ቤተ ክርስቲያን አገኘኋቸው። ጥሬ መያዜን ነገርኋቸው። ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ፣

"ባልሽ ምን ይበላል?" አሉኝ።

"ሽሮ፣ አባቴ። ያውም በቀትር። ጨጓራ አለበት።"

"ማን ያቀርብለታል?"

"ራሱ።"

"እንግዲህ ልጄ፣ ቀኖናሽ ይህ ነው። ከሰኞ ጀምረሽ ሽሮውን አንቺ ሥሪለት። በቀትር በአንድ ትሪ አብረሽው ብዪ። ለምን ብሎ የሚጠይቅሽ ቢኖር አትመልሺ።"

"ጾሜስ?"

"እሱ ነዋ ጾምሽ።"

ስግደት ይስጡኝ ብዬ ለመንሁ፣ የፈለገውን ያህል ይሁን። ሳቁብኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ስናደድ መጣሁ። እንደ ሦስት ዓመት ልጅ እንባዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ!

ሰኞ፣ ነሐሴ 9

በላሁ። የመጀመሪያዋ ጉርሻ አልወርድ አለችኝ።

"አሞሻል?" አለኝ ታደሰ።

"ርቦኝ ነው።"

በዚህ መሐል እትዬ የሺ እሳት ሊጭሩ ብቅ አይሉም! "ውይ በሞትሁት! ጾሙን ፈታሽው? እኔ እኮ አንቺን ነበር ለሰው ሁሉ የማወራው።" አባ አዝዘውኝ ነው የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። ፍም ጫርሁላቸውና ሄዱ። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ከጥሬው ሁሉ ይህቺ በለጠችብኝ፤ ግን ቻልኋት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 12

ምሳ ላይ እናወራለን። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ አውርተን እናውቃለን? ትናንት ስለ አለቃው ሲያወራ አስቆኝ ሽሮው ትን አለኝ።

ዛሬ ግን ድንገት፣ "ካድሬውን አይደለም የፈራሁት" አለኝ።

"ታዲያ ማንን?"

"አንቺን። አንቺ ጥሬ ቆርጥመሽ ስትውዪ፣ በቀትር ሽሮ የሚበላ ሰው ምን ብሎ ከጎንሽ ቆሞ ይቁረብ? አልበቃሁም አልሁ።"

ትሪው ላይ አለቀስሁ። እሱ ይምጣልኝ ብዬ የያዝሁት ጾም ነው እኮ ያራቀው! ይቅር በለኝ አልሁት፤ ስለ ካድሬውም ጭምር።

"ብዪ፣ ሽሮው ቀዘቀዘ" አለኝ።

ስለ ቁርባኑ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ አማረኝ፤ ተውሁት።

እሑድ፣ ነሐሴ 15

ታደሰ ጠዋት ወደ ውይይት ክበብ ብሎ ወጣ። ለምሳ ሳይመጣ ቀረ። ብቻዬን በላሁ፤ ትሪው ሰፋብኝ። ያለ እሱ አልቆርብም፤ ነገ ቆሜ አስቀድሼ እመለሳለሁ ብዬ ቆረጥሁ።

አመሻሽ ላይ ዝናብ አብስብሶት ገባ።

"ውይይቱ እስካሁን?"

"አልሄድሁም። አባ ተክሌ ዘንድ ነበርሁ።"

"ስምህን ይይዙታል እኮ!"

"ይያዙታ። አባ ምሳዬን በጊዜው አብልተውኛል፤ እስከ ነገው ቁርባን እችላለሁ።" ጫማውን እያወለቀ፣ "ጋቢዬ ንጹሕ ነው?" አለኝ።

ክው አልሁ። የራሴን ነጠላ ዓርብ ዕለት አጥቤ አጥፌያለሁ። የእሱን ጋቢ አልነካሁትም። ይምጣ ብዬ ቀንና ሌት የጸለይሁ እኔ፣ ይመጣል ብዬ ጋቢ ያላጠብሁ እኔ!

እውነቱን ነገርሁት። ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀ። ከዚያ ገንዳውን አወጣ። አብረን አጠብን፤ አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ጨመቅን።

አሁን ከከሰል ምድጃው በላይ ዘርግተነው እሱ እያገላበጠ ነው። ዝናቡ አላባራም። ዳሩ ገና እርጥብ ነው። ባይደርቅም ለብሼው እሄዳለሁ ይላል።