በሜዳው ግድግዳ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

ይድረስ ለአበልጄ፣

በላ ቬጋ ብርድ ጉልበትህ እንዴት ከረመ? ባለቤትህስ ደህና ናት? እኛ እዚህ ሳን ፔድሮ አለን። የባለቤቴ የሚላግሮስ ሳል ተሽሏታል፣ እኔም ከወገቤ በቀር ምንም አልል። የስኳር ፋብሪካው ጭስ እንደ ድሮው የተሰጣ ልብስ ያጠቁራል። ሚላግሮስ ስትረግመው ብትሰማ አገርህ የገባህ ይመስልሃል።

ልጄ ራዳሜስ አንተ ዘንድ መግባቱን ሰማሁ። ለምን እንደመጣ ግን አልነገረህም ይሆናል፤ ያ ልጅ ሆደ ሰፊ ነው። እኔው ልንገርህ።

ለቅዱስ ጴጥሮስ በዓል የቤዝቦል ሜዳው ግድግዳ ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ከሰፈራችን ከወጡት ሾርትስቶፖች የአንዱ ስም በትልቁ ሊጻፍበት ነው። ሌሎቹ ሁሉ ወድቀው የቀራችሁት ሁለት ናችሁ፦ አንተና የክርስትና ልጅህ። ከዚያ ወዲህ በቺቾ ፀጉር ቤት በረንዳ ላይ ዶሚኖ የሚጫወት የለም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል ያለችውን ክፍት የሾርትስቶፕ ቦታ ማን በለጠ አድርጎ ጠበቃት እያለ ሁሉም ይጨቃጨቃል።

ባለፈው ቅዳሜ የጭነት መኪና ነጂው ማኖሎ «ራዳሜስ? እጁ እኮ ወንፊት ነው! ስህተቱን ቁጠሩት እስቲ! የክርስትና አባቱ በዕድሜ ልኩ ያልሠራውን እሱ በአንድ ዓመት ይሠራው ነበር» አለ። ሰው ሳቀ። ቺቾ ምላጩን እንደያዘ ብቅ ብሎ «ምን ያንጫጫችኋል? የሁለቱንም ኳስ በእጁ የተቀበለው ሰው እዚሁ ተጎልቶ የለም እንዴ? ሽማግሌው፣ እስቲ አንተ ፍረድ!» አለኝ።

እውነቱን አንተም እኔም እናውቀዋለን። ኳስ አንተ ጓንት ውስጥ ስትገባ ድምፅ አልነበራትም። ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሜ ስጠብቅህ ዓይኔን ብጨፍን እንኳ ደረቴ ላይ ታመጣልኝ ነበር። እንዳንተ ያለ እጅ አላየሁም፣ አላይምም። እግርህ ግን፣ አትቀየመኝና፣ ከቤቱ መውጣት የማይወድ ሰው እግር ነበር። ራዳሜስ ገና ዱላው ኳሷን ሳይነካ ይነሳል። ከሦስተኛው ቤዝ ጀርባ እሣሩ ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ በአየር ላይ እንዳለ ዞሮ ይወረውራል። አንተ የመጣችልህን አታሳልፍም ነበር፤ እሱ ያልመጣችለትን ሄዶ ያመጣት ነበር። ስህተት የሚሉትም ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለችው ኳስ ባንተ በኩል ብታልፍ «መቺው ጎበዝ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እሱ ሮጦ ደርሶባት ከጣቱ ጫፍ ስታመልጠው ግን ጥፋት ሆኖ ይጻፍበታል። ዝም ብሎ ቢቆም ኖሮ ማንም ስሙን አያነሳም ነበር።

ይህን ማለት አቅቶኝ አይደለም። ልጁን በሰው ፊት ያሞገሰ ለሰው ዓይን አሳልፎ ሰጠው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ደግሞም ማኖሎ «የገዛ ልጁ ሆኖበት ነው» ብሎ እንዳይስቅብኝ ፈራሁ። ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ «ልጄ ይሮጣል፤ ሾርትስቶፕ ግን አበልጄ ነው» አልኩ። ጨበጨቡልኝ። እኔም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ ደስ አለኝ።

ለካ ራዳሜስ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ቺቾ ወንበር ላይ ኖሯል። ግማሽ ጉንጩ ሳሙና እንደተቀባ ወጣ። «ልክ ብለሃል፣ አባዬ» አለኝና ፊቱን በፎጣው ጠርጎ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሚላግሮስም ምሳዬን ታቀርብልኛለች እንጂ አታናግረኝም።

ልጅ ሆኖ በየማለዳው ኳስ ስመታለት አንድም ቀን «ጎበዝ» ብዬው አላውቅም። የማይደረስባትን ይዞ ቀና ብሎ ሲያየኝ «ድገም» ነበር የምለው። ይቆጨኛል፣ አበልጄ። እህል ስቀምስ እንኳ ይቆጨኛል።

ትናንት በረንዳው ላይ ቆሜ ያልኩትን ሁሉ ሽሬያለሁ። «ልጄ ይበልጣል፣ ከማንም ይበልጣል» አልኳቸው። ማኖሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ይሳቅ። ስምህን የነጠቅሁህ እንዳይመስልህ። አንተ ራስህ «ይህ ልጅ ይበልጠኛል» ስትለኝ በቀልድ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ የማንኛችሁም ስም ቢጻፍ አሁን ግድ የለኝም። የምፈልገው እሱ እንዲሰማኝ ነው፤ ስልክ ስደውል ግን አያነሳም።

ዓይንህ ከደከመ ወዲህ ጋዜጣውንም ደብዳቤውንም የሚያነብልህ እሱ ነው ብላ ባለቤትህ ለሚላግሮስ ነግራታለች። እንግዲህ አንባቢህ እዚህ ሲደርስ ድምፁ ቢቆምበት አታጣድፈው። ውሃ ይጠጣ፤ ሲመቸው ይቀጥላል።

እግዚአብሔር የዓይንህን ብርሃን ይመልስልህ። ቤትህን ያሙቅልህ። አጠገብህ የተቀመጠውንም ይጠብቅልኝ።

አበልጅህ