ያልመጣው ካሴት

ሰኞ

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። የልጅነት ጓደኛዬ ሁሴን ከመርሳ ሲደውል መሰላል ላይ ቆሜ የአንድ ሱቅ ሰሌዳ እየጻፍኩ ነበር። የድሮውን ፊልም እናሳያለን፣ እሁድ ከሰዓት አዳራሽ ተይዟል፣ ፕሮጀክተርም ተገኝቷል፣ አንተ ማይክ ብቻ ትይዛለህ አለኝ። አንድ እጄ ብሩሽ፣ አንድ እጄ ስልክ ይዟል። ቶሎ እንዲዘጋልኝ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። እሱ እቴ፣ ከምሳ በፊት በቴሌግራም ለመርሳ ልጆች ሁሉ አዳረሰው።

ዳሩ ጥፋቱ የራሴ ነው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ አጎቴ መርሳ ላይ ቪዲዮ ቤት ነበረው። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ማይክ ይዤ ፊልሙን በአማርኛ እተረጉማለሁ። ከሁሉ የሚወደደው ያ የካርቱን ፊልም ነበር፣ ካባ ለብሶ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ከተማውን የሚጠብቀው ሰውዬ። ስሙን በእንግሊዝኛ መያዝ ስላቃተኝ «ባለ ካባው» አልኩት፤ በዚያው ቀረ።

የዚያን ጊዜ ልጆች ዛሬ የልጆች አባት ሆነዋል፣ ሰውዬው ግን አለቀቃቸውም። ከወልድያ እስከ ሐራ በሚሠሩ ባጃጆች ጀርባ ላይ ካባውን ስስል ነው የኖርኩት። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ አንድ ባለሙያ ባለፈው መንገድ ላይ አቅፎኝ፣ ውሸት የማልወደው በሱ ምክንያት ነው አለኝ። ፊቴ ጋለ።

ምክንያቱም እንግሊዝኛ አልችልም ነበር። አሁንም አልችልም። የምተረጉመውን ሁሉ ከራሴ ነበር የማወጣው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ

ለመቅደስ ነገርኳት። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ እንግሊዝኛዋ የሚያስቀና ነው። ፊልሙን በሙሉ ከኢንተርኔት አውርዳ በፍላሽ አመጣችው። ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ከፍተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሷ እውነቱን ትነግረኛለች፣ እኔ ያልኩትን እነግራታለሁ።

የዳቦ ቤቷን ሴትዮ እናቱ ናት ብዬ ነበር። መንገድ የሚጠይቃት ሰው ናት እንጂ አታውቀውም።

ወፍራሙን ሰውዬ ሌባ ዳኛ ነው ብዬ ነበር። ሐኪም ነው፣ ያውም ደግ ሐኪም። ሃያ አምስት ዓመት ስሙን አጥፍቻለሁ።

ድልድዩ ላይ ቆሞ የሚያደርገው ረጅም ንግግር ደግሞ አለ። የወደቀ ሰው አይመታም፣ የወደቀን የመታ ከኔ ጋር አይቆምም፣ እያልኩ ድምፄን አወፍር ነበር። የመርሳ ልጆች ጠብ በተነሳ ቁጥር ይሉት ነበር። ለካ ሰውዬው የኤሌክትሪክ ገመዱ የት ጋ እንደሚቆረጥ እያስረዳ ነው።

መቅደስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ተቆጣኋት። ቀጥሎ በራሴ ተናደድኩ፣ የሷን ሳቅ ግን አላቆመውም።

ሳቋ የቆመው መጨረሻው ላይ ነው። የመጨረሻው ካሴት መርሳ አልደረሰም ነበር። አጎቴ ከደሴ ቢያስመጣ ሌላ ፊልም ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ በር ላይ ተሰልፈዋል፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የሚጠብቁት። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቼ በአፌ ጨረስኩላቸው። ባሕር ተሻገረ፣ ሞተ ተባለ፣ እናቱ አላለቅስም አለች፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩን አንኳኳ፣ አልኩ። ጭብጨባው አሁንም ይሰማኛል።

ዛሬ እውነተኛውን አየሁት። መርከብ ላይ ይወጣል። መርከቡ ይርቃል። ጭስ ብቻ ይታያል። አለቀ።

መቅደስን ተመለሰ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አይታወቅም አለችኝ።

ረቡዕ

ወስኜ ነበር። መቅደስ ትክክለኛውን ትርጉም በደብተር ጻፈችልኝ፣ እሁድ እሱን አነባለሁ፣ ከኔም ላይ ሸክሙ ይወርድልኛል ብዬ። ሁሴን የስፒከር ገመድ ሊገዛ ወልድያ መጣና ሁሉንም ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሳቀም። የያዘውን ሻይ አስቀመጠ።

ከዚያ የእናቱን ነገር አወጣ። ታናሽ ወንድሙ ዓሊ ወደ ሳውዲ ብሎ በጅቡቲ በኩል ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ዓሊን ከነፎጣው አስታውሰዋለሁ፤ ቪዲዮ ቤት ከፊት የሚቀመጥ፣ የእናቱን ፎጣ አንገቱ ላይ አስሮ የሚመጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ጀልባ ሊሳፈር ሲል ነው። እናቱ ሲያለቅሱበት፣ እኔ እኮ እንደ ባለ ካባው ነኝ፣ እሻገራለሁ፣ መጥቼም በርሽን አንኳኳለሁ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ወልድያ የጠፉ ሰዎችን የሚመዘግብ ቢሮ አለ። እናት ወይም አባት ቀርቦ ማመልከት አለበት፤ አባታቸው የለም። ሁሴን ሦስት ጊዜ ቅጹን ይዞላቸው ሄደ። እናቱ እማማ ዘይነባ ሦስቴም መለሱለት።

«የጠፋ ልጅ የለኝም። የሄደ ልጅ ነው ያለኝ» ይላሉ።

እሁድ ይመጣሉ። ዓሊ ያወራላቸው የነበረውን ፊልም አንድ ጊዜ ማየት አለብኝ ብለዋል። ከፊት ነው የሚቀመጡት።

«እንደ ድሮው ጨርሰው» አለኝ ሁሴን። «ወላሂ ሌላ የያዘችው ነገር የላትም።»

እሺ አልኩት። ይኸው እንደገና እሺ። ይህች ቃል ናት የበላችኝ።

ሐሙስ

የማይረባ ቀን። የመድኃኒት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ቀለም ፈሰሰብኝ፣ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ከመቅደስ ጋር ተጣላሁ። ሥዕሉ መርከብ እያሳየ አንተ ተመለሰ ስትል ሰው አያይም ወይ አለችኝ። ጭሱ ላይ ስደርስ አጥፉት እላቸዋለሁ አልኩ።

«ይኼ ለእማማ ዘይነባ ነው ወይስ ለራስህ?»

ሂጂ ፈተናሽን አጥኚ አልኳት። የምመልሰው ሳጣ ሁሌም ወደ ፈተናዋ ነው የምሸሸው፣ እሷም ታውቃለች።

ቅዳሜ

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ዛሬም የረባ ነገር የለኝም።

የምይዘው፦ የመቅደስ ደብተር (ለምን እንደምይዘው እንጃ)፣ ፍላሹ፣ ለጉሮሮዬ ማር፣ ንጹሕ ሸሚዝ።

የሚያሳስበኝ፦ መብራት። መርሳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ እየሄደ እየመጣ ነው። ሁሴን ጄኔሬተር አለ ብሏል፣ ግን ይነሳል ወይ ስለው ኢንሻአላህ አለኝ፣ ድምፁም አላማረኝም።

እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ ፈርቻለሁ። ሰውን ሳይሆን እማማ ዘይነባን።

እሁድ

ከመርሳ አሁን ገባሁ። ገና አልመሸም፣ ሳይጠፋብኝ ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንዱ በሙሉ ሠላሳን ያለፈ፣ ልጆቹን በጉልበቱ ያስቀመጠ። እማማ ዘይነባ ከፊት መሐል ላይ ናቸው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ጎንበስ ብዬ «እንደምን አሉ አንቱ» አልኳቸው። እጄን ይዘው ቆዩ።

ከመቅደስ ደብተር ማንበብ ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ አልሞላኝም፣ ከኋላ ተቃውሞ ተነሳ። እንዲህ አላለም፣ ዳኛው ሌባ ነው፣ ሐኪም ብሎ ነገር ከየት መጣ ይሉኛል። ያስተማርኳቸውን ውሸት በቃላቸው ይዘውት ኖረዋል፣ እኔን ያርሙኛል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ አዳራሹ በሙሉ «የወደቀ ሰው አይመታም» ብሎ አብሮኝ አለው። ደብተሩን ዘጋሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እያፈርኩም ቢሆን ደስ አለኝ።

ከዚያ የመጨረሻው ክፍል። ሰውዬው መርከቡ ላይ ወጣ። መርከቡ መንቀሳቀስ ሲጀምር መብራት ሄደ።

ጄኔሬተሩን ጎተቱት፣ ጎተቱት። አልነሳም። መስኮቶቹን ከፈቱ፤ የከሰዓቱ ብርሃን ገባና ሁሉም ዞረው እኔን ያዩኝ ጀመር። በአፍህ ጨርስልን፣ ልክ እንደዚያን ቀን፣ አሉኝ። ሥዕል የለ፣ ጭስ የለ፣ የሚያጋልጠኝ ነገር የለ። ሁሴን ግድግዳው ጋ ቆሞ በአንገቱ እየጠቆመ ንገራቸው አለኝ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ባሕር ተሻገረ ብያለሁ። ሞተ ተባለ ብያለሁ። እማማ ዘይነባ አንድ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ መቁጠሪያቸውን አቁመው ይሰማሉ። «በሩን» አልኩና አቃተኝ። ፊታቸውን እያየሁ ማለት አልቻልኩም።

መጨረሻውን አላየሁትም ነበር አልኩ። ካሴቱ አልመጣም። ተመለሰ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፊልሙ አላለም። ድልድዩም፣ እናቱም፣ ሁሉም የኔ ነው።

አንዱ በንዴት «እጭ!» አለ። ሁሴን በሩን ገፍቶ ወጣ።

«አንተ ልጅ» አሉ እማማ ዘይነባ። «መመለሱን አላየህም?»

«አላየሁም እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

«መሞቱንስ?»

«እሱንም አላየሁም። ፊልሙም አያሳይም።»

መቁጠሪያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ከዚያ ለኔም ለማንም ሳይሆን፣ ቀስ ብለው፣ «ያረቢ፣ እንግዲያ ልጄን የፈለገውም ሰው የለም ማለት ነዋ» አሉ።

ተነሱና ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። የሸኘኝ ሰው የለም። ብቻዬን ሚኒባስ ይዤ መጣሁ።

ሰኞ

ሁሴን ስልክ አያነሳም። ስድስቴ ደወልኩ። የቴሌግራሙ ግሩፕ ላይ አንዱ፣ ልጅነታችንን አፈረስከው ብሎ ጽፏል። ሌላው፣ ድሮም ጠርጥሬ ነበር ይላል። ውሸቱን ነው፣ ትናንት ከሁሉ በላይ ሲጮህ የነበረው እሱ ነው።

ሥራ አልሄድኩም። ሴትዮዋ አንድ ነገር ይዘው ነበር፣ እኔ እሱን ነጠቅኳቸው። ምን ሰጠኋቸው? መቅደስ ሻይ አመጣችልኝና አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስለ ፈተናዋ እንኳ አላነሳሁባትም።

አመሻሹ ላይ ሁሴን ደወለ። ሰላምታ የለም። ነገ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ጠብቀን፣ እናቴ ቅጹን እሱ ይሙላልኝ ብላለች አለና ዘጋው።

ማክሰኞ

ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። እማማ ዘይነባ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ሁሴን ከኛ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀመጠ።

ጸሐፊዋ ቅጹን ሰጠችኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ የወጣበት ቀን፣ የለበሰው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ሰማያዊ ሸሚዝ አሉ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን ሲጠየቁ አላስታውስም አሉ፣ ሁሴን ከወንበሩ ሳይነሳ ተናገረ።

ከታች፣ መለያ ምልክት የሚል ነበር።

«አገጩ ስር ጠባሳ አለው» አሉ። «አራት ቦታ ነው የሰፉት። ፎጣዬን አንገቱ ላይ አስሮ ካጎትህ ቪዲዮ ቤት አጥር ላይ ዘሎ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጥኩ። በነገር ሊመቱኝ ብለው ሳይሆን፣ እንዲሁ እንደሚነግሩኝ ነው ያሉት።

«ጻፈው እንጂ» አሉኝ። «በሱ ነው የሚያገኙት።»

አገጩ ስር ጠባሳ፣ አራት ቦታ የተሰፋ። ጻፍኩት። ለዲኤንኤ ምርመራ ከአፋቸው በጥጥ ምራቅ ተወሰደ፣ በፖስታ ታሸገ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ስላት ጸሐፊዋ አላውቅም፣ ከተገኘ እንደውላለን አለች። እማማ ዘይነባ ስልካቸው ድምፁ ከፍ ማለቱን ሁለት ጊዜ ለኔ አሳይተው አረጋገጡ።

በር ላይ ሁሴን ባጃጅ አስቆመና ዞር ብሎ ቁርስ በልተህ ነው ወይ አለኝ። አልበላሁም አልኩት። እንግዲያ ግባ አለኝ።