ቢጫዋ ባቡርና አራቱ ፉርጎዎች

ጂንካ፣ ግንቦት 7 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ወይዘሮ አስካለ፣

በሚያዝያ ወር የጻፉልኝ ደብዳቤ በሰላም ደርሶኛል። ጤናዎ መልካም መሆኑን፣ የወንድምዎ የአቶ ሸዋንግዛው ቤተሰብም በእርስዎ መምጣት መደሰቱን ሳነብ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ከዚያ በታች ያለውን አንቀጽ ግን ደጋግሜ አነበብሁት። ወንድምዎ ድሬዳዋ እንዲቀሩ መፈለጉን፣ ለልብስ ስፌት የሚሆን ክፍልም ከገበያው አጠገብ ማግኘቱን ገልጸው፣ የስፌት መኪናዎን በመጀመሪያው የጭነት መኪና አስጭኜ እንድልክልዎ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ግልጽ ነው፤ አጻጻፉም እንከን አይወጣለትም። ነገር ግን አልፈጸምሁትም። የቤትዎ ቁልፍ ከእኔ ዘንድ ነው፤ የጭነት መኪናም ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ በየጊዜው ይወጣል፤ ስለዚህ የማቀርበው ሰበብ የለኝም። ያለኝ ምክንያት ብቻ ነው። እርሱም፣ እርስዎ ወደ ጂንካ እንዲመለሱና ቀሪ ዘመናችንን በአንድ ቤት እንድናሳልፍ መፈለጌ ነው።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንዴ ከተጻፈች ደግሞ፣ እንዴት እንደተደረሰባት በቅደም ተከተል ላስረዳ፤ ያለ ቅደም ተከተል የሚነገር ነገር ለሰሚው ድካም ነውና።

ነገሩ የጀመረው የኮቴን እጅጌ ላሰፋ ወደ ቤትዎ በመጣሁበት ቀን ነው። ከመደርደሪያው ላይ፣ በታጠፉት ጨርቆች መካከል፣ ከክንድ የምታጥር ቢጫ የቆርቆሮ ባቡር ተቀምጣ አየሁ። አጭር አፍንጫ፣ በጎኗ ጥቁር መስመር፣ ከኋላዋም ለሾፌር የሚሆን ጠባብ ክፍል ነበራት። የልጅ መጫወቻ መሰለችኝ። እርስዎ ግን ዓይኔ ያረፈበትን ተመልክተው አወረዷትና ሆዷን ከፍተው ባትሪ ድንጋይ ጨመሩባት። ከሥሯ ያለችውን ትንሽ እጀታ ወደ ፊት ሲገፉ ወደ ፊት ሄደች፤ ወደ ኋላ ሲመልሱ ወደ ኋላ ተመለሰች። አባትዎ በድሬዳዋ በአንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ እውነተኛይቱን፣ በናፍጣ የምትሠራዋን እንደዚህች ያለች ባቡር ይነዱ እንደነበር፣ ጡረታ ሲወጡም አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ይህችን ከነሐዲዷና ከነፉርጎዎቿ እንደ ሰጣቸው ነገሩኝ። ሐዲዷ ተርፏል። ፉርጎዎቿ ግን ከባለቤትዎ ጋር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወደ ጂንካ ስትዛወሩ መንገድ ላይ ጠፍተዋል።

እኔም እውነተኛይቱ ምን ያህል ሩቅ ትሄድ እንደነበር ጠየቅሁ።

“የትም አትሄድም፤ ከግቢ አትወጣም እኮ” አሉኝ። “ሩቅ የሚሄዱትን ፉርጎዎች እየገፋች፣ እየሳበች በየተራቸው ታሰልፋለች። እነሱ ይሄዳሉ፣ እሷ ትቀራለች። ልክ እንደ እርስዎ። የጂንካን ልጅ ሁሉ አስተምረው አዲስ አበባ ሲሰዱ እርስዎ ከዚህ ፈቀቅ አላሉም።”

የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኜ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አድርጎ የተናገረኝ ሰው አልነበረም። ቅር ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ፉርጎዎቹን ሠርቼ እንደማመጣ ቃል ገብቼ ወጣሁ፤ ኮቴን ሳልሰጥዎ እንደለበስሁት መመለሴን ያወቅሁትም ከቤቴ ስደርስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ስለ ባቡር በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ፤ የሐዲዱን ርዝመትና የጣቢያዎቹን ስም በቃሌ አውቃለሁ። ባቡር ግን አይቼ አላውቅም። ለስብሰባ አዲስ አበባ በሄድሁ ጊዜም ለገሃርን ያየሁት ከፊት ለፊቱ ብቻ ነው። የጂንካ ሰው አውሮፕላን በከተማው መካከል ሲያርፍ እያየ የኖረ፣ ከብቱን ከሜዳው እየነዳ መንገድ የሚለቅለት ሕዝብ ነው። ፉርጎ ከፉርጎ ጋር እንዴት እንደሚቀጠል ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እርስዎን ደግሞ ላስደንቅ ስለ ፈለግሁ አልጠየቅሁም።

ዋንዛ እንጨት ጠረብሁ። እርስዎ ጨርሰው የጣሏቸውን የክር በከራዎች እየቆረጥሁ መንኰራኩር አደረግሁ። ጎናቸውንም በዘይት ቆርቆሮ ለበጥሁ። ያስቸገረኝ ቀለሙ ነበር፤ ከባቡሯ ጋር አንድ ዓይነት ካልሆነ ቤተሰብ አይመስሉምና። በመጨረሻ በመንገድ ሥራ ካምፕ ግሬደር ወደሚነዳው የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ኤርጎ ሄድሁ፤ የግሬደሩ ቢጫ ከባቡሯ ቢጫ ጋር ትክክል መሆኑን አስተውዬ ነበር። ኤርጎ ጥቂት ቀለም በጣሳ ቀድቶ ሰጠኝና ከእግር እስከ ራሴ ተመለከተኝ።

“ጋሼ፣ ይሄ ለአሻንጉሊት ነው አሉኝ አይደል?”

“ለፉርጎ ነው” አልሁት።

“እሺ፣ ለፉርጎ ይሁን። ሰው ለፉርጎ ብሎ በየቀኑ ጢሙን ይላጫል እንዴ?”

ጣሳዬን ይዤ ሄድሁ።

አራቱን ፉርጎዎች በሳጥን ይዤ በመጣሁ ጊዜ የሆነውን እንደማይረሱት እርግጠኛ ነኝ። በጠረጴዛዎ ላይ አሰለፍኋቸውና እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምሁ። እርስዎ የመጀመሪያውን አንሥተው አገላበጡ፤ ከኋላው ያለውን መዝጊያ በጣትዎ ከፍተው ዘጉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ አደረጉ።

“አቶ ጎሳዬ፣ ይህ ምንድን ነው?”

“የኋላ ስፖንዳው ነዋ” አልሁ። “ዕቃ የሚጫንበት።”

“ከኋላው ሌላ ፉርጎ ተቀጥሎበት እንዴት ይከፈታል?”

ያን ጊዜ ገባኝ። ከቀይ አፈር ገበያ ሰውና እህል ጭኖ የሚመጣውን የጭነት መኪና አራት አድርጌ ሠርቼ፣ ቢጫ ቀብቼ አምጥቼልዎ ነበር። እርስዎ ላለመሣቅ ብዙ ታገሉ። ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ ነጠላዎን ወደ ፊትዎ ሳቡ፤ ትከሻዎ ተንቀጠቀጠ። ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ከዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰምቶ ስለማያውቅ፣ ጎረቤትዎ ልቅሶ መስሏት እየሮጠች ገባች። ሁለታችንንም እንባ በእንባ ሆነን አገኘችን። እኔም ሣቅሁ፤ ስሥቅ አይቶኝ የሚያውቅ ሰው በጂንካ ብዙ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያሉት እሑዶች በሕይወቴ ካየኋቸው ቀናት ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። ከቅዳሴ መልስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየን፣ እርስዎ በአንድ ወገን እኔ በሌላ ወገን ተቀምጠን ስፖንዳዎቹን አፈረስን፤ በጎን በኩል የሚንሸራተት በርም አበጀንላቸው። ማያያዣ ሲቸግረኝ፣ የቁልፍ ጣሳዎን ገልብጠው የቀሚስ መንጠቆና ቀለበት መረጡ። መንጠቆውን ትንሽ ስላጠማዘዙት፣ ፉርጎ ፉርጎን በቀስታ ሲነካ ቀለበቱን ራሱ ይይዝ ጀመር። ቸኩዬ ስገፋው ደግሞ ያመልጣል። አባትዎ ፉርጎ ሊያያይዙ በተጠጉ ቁጥር ባቡሯ የምትሄድ ሳይሆን የምታስብ ትመስል እንደነበር እርስዎ የነገሩኝ ያን ቀን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ቡና፣ ኮረሪማ፣ በቆሎና ጨው ጫንንባቸው። እርስዎ ጭነቱን ሲያስተካክሉ እኔ የማየው እጅዎን ነበር። ይህንም ልናገረው አስቤ አልተናገርሁትም።

በጥር ወር ወንድምዎን ሊጠይቁ ሲሄዱ እስከ አውሮፕላን ሜዳው ሸኘሁዎት። ለትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል እንዳሳያት ባቡሯን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። የምናገረውን ንግግር አዘጋጅቼ መጥቼ ሳለ፣ ከአፌ የወጣው ግን “ባትሪ ድንጋዩ እንዳያፈስባት አውጥቼ አስቀምጠዋለሁ” የሚል ሆነ። እርስዎም ጥቂት ጠበቁና “ደግ ያደርጋሉ” ብለው ወደ አውሮፕላኑ ወጡ። ከብቶቹ ተመልሰው ሜዳውን ሲሞሉት እኔ ገና እዚያው ቆሜ ነበር።

በዓሉ ባለፈው ቅዳሜ ተከበረ። የገበያ ቀን በመሆኑ፣ ወላጅ ብቻ ሳይሆን ከገበያ የሚመለሰውም ሁሉ ወደ አዳራሹ ገባ። ሐዲዱን በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ክብ አድርገን ዘረጋን። ኤርጎ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ከጎኔ ቆመ፤ ቀለሙ የእርሱ መሆኑንም ላልጠየቀው ሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ከአልዱባ ቅቤ እያመጣች የምትሸጠው አየለች ግን ባቡሯን ትታ ዙሪያውን ቃኘች። “ሰፊዋስ? የሷ ዕቃ አይደል እንዴ? ባለቤቷ ሳትመጣ ምን አስቸኮላችሁ?” አለች። ብዙ ሰው ወደ እኔ ዘወር አለ። እኔ እጀታዋን ወደ ፊት ገፋሁ።

ባቡሯ አራቱን ፉርጎዎች ስባ ስትነሣ የአዳራሹን ደስታ ቢያዩ ኖሮ! ሽማግሌው ሁሉ እንደ ልጅ አጎንብሶ በዓይኑ ተከተላት። ማጨብጨብ እንደጀመሩም ጨው የጫነችው የመጨረሻዋ ፉርጎ ከመታጠፊያው ላይ ተላቅቃ ቀረች። ባቡሯ አላወቀችም፤ ሦስቱን ይዛ ገሠገሠች።

“ጋሼ፣ ትታት ሄደች!” አለ ኤርጎ። “ዞራ መጥታ ልትደፈጥጣት ነው!”

አቆምኋት። ከዚያ እጀታዋን ወደ ኋላ መለስሁና፣ እርስዎ እንዳሳዩኝ፣ ቀስ በቀስ፣ አንዴ እየለቀቅሁ አንዴ እየያዝሁ ወደ ቀረችው ፉርጎ አስጠጋኋት። ሦስተኛዋ ፉርጎ አራተኛዋን ነካች፤ መንጠቆው ቀለበቱን ሲይዝ “ቀጭ” ያለው ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ። አየለች እልልታዋን አቀለጠችው፤ ኤርጎ ቆቡን ወደ ጣሪያው ወረወረ። እኔ ግን ከጥር ወር ጀምሮ ከዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ምን እንደምጠብቅ ራሴን ጠየቅሁ። ተመልሶ መሄድና በቀስታ መጠጋት የሚቻል ነገር ነበር።

በማግስቱ ጎረቤቴን ዶላሞን ከጸሎት ቤቱ ሲመለስ ጠብቄ አስቀመጥሁት። በዚህ ከተማ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኜ ያልገባሁበት ቤት ጥቂት ነው። ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ መቼ ተቀመጡ ሲባል እንደሚቀመጥ ለሌሎች የማስተምረው እኔ ነኝ። ለራሴ ሽማግሌ መለመን ግን አላውቅበትም ነበር። ስለዚህ ንግግሬን ስለ ሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ በጠቅላላው በማብራራት ጀመርሁ። ዶላሞ ጥቂት ታገሠኝና አቋረጠኝ።

“የወይዘሮ አስካለ ነገር ነው?”

“ነው” አልሁ።

“እኛ እኮ እስክትልከን ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅን። ባለቤቴማ ለመንገዱ ብላ በሶ አዘጋጅታልን፣ አልነሣ ስትል ጊዜ በላነው። እንግዲህ እንደገና ታዘጋጅ።”

ሁለተኛው ሽማግሌ የንስሐ አባቴ ቄስ ወርቅነህ ናቸው። እርሳቸውና ዶላሞ በወንድምዎ ቤት ጸሎቱን ማን እንደሚያደርስ ብዙ ተነጋግረው፣ ቄሱ እንዲከፍቱ ዶላሞም እንዲዘጋ ተስማምተዋል። ሦስተኛው ኤርጎ ነው። ለሽምግልና ዕድሜው ገና መሆኑን ብነግረው፣ ፀጉሩ እስኪሸብት ከተጠበቀ ሙሽራው እንደማይቆይለት መለሰልኝ። አመክንዮው ስሕተት ስላልነበረበት ተቀበልሁት።

ይህ ደብዳቤ በአውሮፕላን ስለሚሄድ ይቀድመናል። እኛ እስከ አርባ ምንጭ በጭነት መኪና፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄደን፣ ከለገሃር በባቡር እንሳፈራለን። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር ላይ እወጣለሁ ማለት ነው፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልሁም፤ ዶላሞም በዚህ ሲሥቅብኝ ሰንብቷል። ድሬዳዋ እንደደረስን ሦስቱ ወደ ወንድምዎ ቤት ይሄዳሉ። ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር እንዳይገባ ደንብ ስለሆነ፣ እኔ በጣቢያው እቀራለሁ።

ወንድምዎ፣ እንደ ወጉ፣ እስኪ እንምከርበት ብሎ ሊያሳድራቸው ይችላል፤ አልከፋም። የእርሱን መልስ ሽማግሌዎቹ ያመጡልኛል። የእርስዎን መልስ ግን ከእርስዎ አንደበት መስማት እፈልጋለሁና፣ ቢፈቅዱ ወደ ጣቢያው ብቅ ይበሉ። ከእውነተኛዎቹ ፉርጎዎች አጠገብ ቆሜ ያገኙኛል። መልስዎ እምቢ ከሆነ፣ አክብሬ ተቀብዬ፣ የስፌት መኪናዎን በገዛ እጄ አስጭኜ እንደምልክ ቃል እገባለሁ። እሺ ከሆነ ግን፣ አራት ሆነን መጥተናልና፣ ለመመለሻው አምስት ቲኬት እቆርጣለሁ።

በአክብሮትና በብዙ ናፍቆት፣

ጎሳዬ ደምሰው
ከጂንካ