ጠግነህ ያበላሸኸው ጊታር

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምልህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ለቅሶ ይቀድመኝ ነበር። አሁን የምጽፍልህ ግን ተናድጄ ነው። መሃል ላይ እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው።

እማዬ ደህና ናት። ወገቧን ያማታል፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ስላት ያንተኑ ሰበብ ትደረድርልኛለች። ከመናኸሪያ ወደ ቤታችን የሚያስገባው ጭቃ መንገድ ኮብልስቶን ተነጥፎበት ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅህን ልናከራየው ስለሆነ ባለፈው ቅዳሜ ዕቃህን ጭኜ አመጣሁ። ካቻቪቴዎችህ፣ ፒንሳህ፣ መበየጃህ ሁሉም ቤት ገብቷል።

ቤዝ ጊታሩ ግን ድሮም እዚሁ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የኪነት ቡድናችሁ ተበትኖ የቀረልህ ነገር እሱ ብቻ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣቶቼን ይዘህ ያስተማርከኝ በእሱ ነው። ወፍራሙን ክር ስጫን ጣቴ ሲላጥ ትስቅብኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ባንድ ቤዝ ተጫዋቹ አዲስ አበባ ሄደበትና መሪው ቅዳሜ የራስሽን ጊታር ይዘሽ መጥተሽ ተፈተኚ አለኝ። ያኔ ጊታሩ የነበረበት ችግር አንድ ነው። ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ላልቶ በተነካ ቁጥር ይንጫጫል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ብለህ ሐሙስ ጠዋት ሱቅ ይዘኸው ሄድክ። አርብ ስታመጣው ጭራሽ ድምፅ የለውም። ውስጡ ተቃጥሏል፣ መለዋወጫው አዲስ አበባም አይገኝም አልከኝ። የሰው ሬዲዮ ሁሉ በአንተ እጅ ሲድን እያየሁ ያደግኩ ልጅ ቃልህን እንዴት ልጠርጥር? ሳለቅስ በመዳፍህ እንባዬን ጠረግክልኝ። በማግሥቱ፣ ልፈተን በነበረበት ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወስደህ ዓሣ ጋበዝከኝ። ያንን ቀን ማንም ያላደረገልኝ ደግነት ነው ብዬ ስሳሳለት ኖርኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ካቻቪቴህን ሳየው፣ ያ የተቃጠለ ነገር ምን እንደሚመስል እስቲ ልየው አልኩ። የጃኩን ክዳን ብሎኖች ፈትቼ ከፈትኩት። የተቃጠለ ነገር የለም። ላልቶ የነበረው ጃክ እንደ አዲስ ጠብቋል። ከእሱ የሚወጣው ሽቦ ግን በፒንሳ ተቆርጧል፤ ጫፉ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ የናስትሮውም መጨረሻ ትንሽ ታጥፏል። ከአንተ በቀር የናስትሮ ጫፍ የሚያጥፍ ሰው አላውቅም። ነገ የሚከፍተው ሰው በጥፍሩ እንዳይታገል ነው ትለኝ ነበር። አየህ፣ ስታታልለኝ እንኳ ሥራ ማበላሸት አልሆነልህም። መጀመሪያ ጃኩን በደንብ አጠበቅክ፣ ከዚያ ሽቦውን ቆረጥክ። ሰርቆ ሲወጣ ቤቱን በመጥረጊያ ጠርጎ የሚሄድ ሌባ ካንተ ሌላ አላየሁም።

እማዬን ጠየቅኋት። ታውቅ ነበር። ልጄ ሆቴል ስታመሽ እንቅልፍ አይወስደኝም ብለህ እንደነበር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነገረችኝ።

እምቢ ማለት አቅቶህ ነው? እምቢ ብትለኝ እኮ አኮርፍ ነበር፣ እራት አልበላም ነበር፣ ሳምንት አላናግርህም ነበር፤ ከዚያ እንታረቅ ነበር። ምናልባትም አሸንፍህ ነበር። አንተ ግን ካንተ ጋር እንዳልጣላ ብለህ ከዕድሌ ጋር አጣላኸኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ቡሹሎ ትምህርት ቤት ጠመኔ ይዤ ሳስተምር፣ እግዜር አልፈቀደልኝም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። ለካ ያልፈቀድከው አንተ ነህ። ማስተማሩን አልጠላሁትም፤ ግን አልመረጥኩትም። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ሽቦውን ራሴ በየድኩት። መጀመሪያ አልያዘም፣ ጣቴንም አቃጠልኩ። በሁለተኛው ያዘ። ከጎረቤት አምፕሊፋየር ተውሼ ክሩን ስነካው የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ። ጣቶቼ ግን ሁሉንም ረስተውታል። ያስተማርከኝን የመጀመሪያዋን ዜማ ብቻ፣ እሷንም እየተደናቀፍኩ ተጫወትኩ። እማዬ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፤ እኔም ዞሬ አላባበልኳትም።

ለሙት ዓመትህ ድንኳን እንተክላለን። ሰው ተሰብስቦ ውሸት የማያውቅ ሰው ነበር ይልሃል። አላዋርድህም፣ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። አንተም ግን ይቅር ብዬሃለሁ እንድልህ አትጠብቅ። አሁን ብልህ ውሸት ነው፤ በእኔና በአንተ መሃል ደግሞ ውሸት ይበቃል። ንዴቱ የወጣልኝ ቀን መቃብርህ ድረስ መጥቼ ራሴ እነግርሃለሁ። እስከዚያው ተናድጄ አስታውስሃለሁ እንጂ አንድም ቀን ሳላስታውስህ አልውልም።

ልጅህ